መልአክ ደወል አይስትም

የአፋፍ ሚካኤሉ ደወል መቺ ወዳጆ ሰው ቢዋሸው ይችላል። ደወል ተሳስቶ የተመታ ዕለት ግን እህል አይወርድለትም። እንዲህ ያለ ነዝናዛ ነው። ሚስቱ አየለች፣ «አንተን ያገባሁ ዕለት ከድንጋይ ጋር ነው የተቆራኘሁት» ትለው ነበር፤ እውነቷን ነው።

ከዘመሮ ከተማ ሁለት ሰዓት በእግር ተሂዶ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው ቤተ ክርስቲያኑ ያለው። ቅጥሩ ውስጥ ካለው አሮጌ ጥድ ላይ አንድ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠፍር ተንጠልጥሎ ነበር። በወይራ ቆመጥ ሲመቱት ድምፁ ገደሉን ተሻግሮ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል። ያንን ድንጋይ ወዳጆ ሃያ ሁለት ዓመት መትቶታል። ለቅዳሴ አመታቱ ሌላ ነው። ምእመን ሲሞት ሦስት ሦስት፣ ካህን ወይም መነኩሴ ሲያርፍ ሰባት ሰባት ነው። ጉም ሲወርድ ደግሞ አምስት መትቶ ማረፍ፣ አምስት መትቶ ማረፍ ነው። የመንዝን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የገዛ እጅህን አያሳይህም። መንገደኛ ገደል እንዳይገባ፣ ድምፁን ተከትሎ ወደ ሰው እንዲመጣ ነው ደወሉ።

ትልቋ ልጁ ገሊላ ሕፃን ሳለች ከጥዱ ሥር ቁጭ ብላ በጣቷ ትቆጥርለት ነበር። በብርድ እጁ ደንዝዞ አንዷን ሲያሳልፍ ታዲያ ማን ይቻላታል! «አባዬ፣ አንዷን ሳትክ!» ብላ ከት ብላ ትስቃለች። ካደገች በኋላ እንኳ አልተወችም። ከቤት ሆና እንጨት ስትፈልጥ ትሰማና፣ ማታ ራት ሲቀርብ «ዛሬ ሦስተኛው ላይ ሳትክ፤ ቄስ ይሥሐቅ ሰምተውህ ይሆን?» ትለዋለች። ወዳጆ የተቆጣ ይመስልና በጋቢው ሥር ይስቃል።

አምና ሐምሌ አምስት ቀን፣ ጠዋት፣ መነኩሴው አባ አትናቴዎስ አረፉ። ዘጠና ምናምን ዓመታቸው ነበር። ወዳጆ ሰባት ሰባቱን ሲመታ አራት ዙር በደህና ሄደ። አምስተኛው ዙር ላይ፣ ስድስተኛዋን ሊመታ ሲል ቆመጡ አንሸራተተውና የገዛ አውራ ጣቱን ከድንጋዩ ጋር ጠረቀው። ነፍሱ እስክትመለስ ቆየ። ከዚያ በንዴት ሰባተኛዋን ሲያሳርፍ ድንጋዩ «ቅርር» አለና ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲያ ድንጋዩ ቢመቱት ድምፅ የለውም፤ ድስት እንደ መምታት ነው። አገሩ አዝኖ ከረመና በኋላ የአይሱዙ ቸርኬ ገዝቶ ከጎኑ ሰቀለ። የወዳጆ አውራ ጣትም ጥፍሩ ጠቁሮ ቀረ።

ድንጋዩ በተሰነጠቀ በአራተኛው ቀን ገሊላ ሄደች።

በልጉ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከድቶ፣ ገብሱ ሳያሽት ደርቆ ነበር። እስከዳር የምትባለው የዘመሮ ባለሱቅ፣ የበግ ጠጉር ዝተትና ስልክ የምትሸጠው፣ «ሳውዲ ጥሩ ቤት አለኝ፤ ልጅቷን ለኔ ስጡኝ» አለች። እስከዳርን የማይወድ የለም። ለቅሶ ላይ ቀድማ ትደርሳለች፣ ማኅበር ሲደገስ ጠላ ትጠምቃለች፤ አየለችን «እቴቴ» ነው የምትላት። ወዳጆ አንድ ሳምንት እምቢ አለ፤ ኋላ ግን የልጁን ዐይን አይቶ እሺ አለ። ገሊላ ስትሄድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እስከ ጫካው ጥግ ሸኛት፤ ጉም ስለነበረ ሃያ እርምጃ ሳትሄድ ጠፋችው።

ከዚያ በኋላ የምትመጣው በድምፅ ነው። እነወዳጆ ቤት ድምፅ የሚቀበል ስልክ የለም፤ እስከዳር የራሷን ይዛ ትመጣና ከፍ አድርጋ ታሰማቸዋለች። ለመስከረም አንድ፣ ለገና አንድ፣ ለፋሲካ አንድ። «እማዬ፣ አባዬ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ደህና ነኝ፤ አታስቡ። ሰዎቹ ጥሩ ናቸው።» የራሷ የገሊላ ድምፅ ነው፣ ምን ይጠረጠራል? አየለች ስልኩን እንደ መስቀል ግንባሯ ላይ ታስነካዋለች።

ነገር ግን ልጅቱ ትናገራለች እንጂ አትሰማም። አየለች በእስከዳር ስልክ፣ «ልጄ፣ የጎንሽ ውጋት ተሻለሽ ወይ? ቀይዋ በግ መንታ ወለደችልሽ እኮ!» ብላ ልካ ነበር። በሚቀጥለው በዓል የመጣው ያው «ደህና ነኝ፤ አታስቡ» ነው። ስለ ውጋቱም ስለ በጓም አንድ ቃል የለ። ወዳጆ፣ «ሥራ በዝቶባት ነው» ይላል ለሚስቱ። አየለችም «ሥራ በዝቶባት ነው» ትላለች። ሁለቱም ዐይን ለዐይን አይተያዩም።

ዘንድሮ ግንቦት ማለቂያ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እስከዳር አራተኛውን ይዛ መጣች። ታናሺቱ ፅዮን፣ ገና አሥራ ሰባት ያልሞላት፣ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ጥግ ቆማለች። ጎረቤትም ገብቶ ነበር። እስከዳር ስልኩን ከፍ አደረገች።

«እማዬ፣ አባዬ፣ ደህና ነኝ፤ አታስቡ። ለፅዮንም ቦታ አግኝቼላታለሁ። ከእትዬ እስከዳር ጋር ላኩልኝ። ብቻዬን ሆንኩ...»

ከድምፁ ኋላ፣ ከሩቅ፣ ሌላ ነገር አለ። ድን። ድን። ድን።

 ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተያየ። ያንን ድምፅ አፋፍ ውስጥ የማያውቀው የለም። ገደሉን ተሻግሮ ሄዶ የሚመለሰው፣ ተሰንጥቆ ዓመት ሊሞላው የደረሰው፣ የራሳቸው ድንጋይ ነው። ሳውዲ ይደወላል።

«ሚካኤል!» ብላ አየለች ጮኸች። «ሚካኤል ተከትሏታል! ደወሉ ከልጄ ጋር ነው!»

ከዚያማ ማን ይሰማል! እልልታው ቤቱን ሞላው። አንዲት አሮጊት ተነሥታ፣ «ድንጋዩ ለምን የተሰነጠቀ ይመስላችኋል? ድምፁ ከሷ ጋር ባሕር ተሻግሮ ነው! እኛ ዘንድ የቀረው ገላው ነው!» አለች። ሰው ሁሉ አማተበ። እስከዳር መጀመሪያ ደንግጣ ስልኩን ልትዘጋው ነበር። ቀጥሎ ግን የሰዉን ፊት አየችና ዐይኗን ጨፈን አድርጋ፣ «እኔማ ስሰማው አልቅሻለሁ» አለች። አይ እስከዳር! ለሷ ደወል ደወል ነው፤ የዘመሮን ደወል ሱቋ ውስጥ ሆና ቀኑን ሙሉ ስለምትሰማ ጆሮዋ ደወል ማስተዋል ከተወ ቆይቷል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ከድምፁ ኋላ ደወል እንዳለ እንኳ አላወቀችም።

ቄስ ይሥሐቅ ተጠርተው መጡ። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ «ተአምር በችኮላ አይታወጅም» አሉ። ሆኖም እሳቸውም ፊታቸው ተለዋውጧል። «እስቲ ወደ እኔ ስልክ አስተላልፊልኝ፤ ለካህናቱ ላሰማ» ሲሏት እስከዳር በኩራት አስተላለፈችላቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ እጅም እንደዚያው ነው። ፅዮን ሐሙስ እንድትሄድ የተቆረጠው በዚያው ሰዓት ነው። መልአክ የሚጠብቀውን መንገድ ማን ይፈራል? ወዳጆ ራሱ፣ «እግዜር ካለ ትሂድ» ብሎ ከአፉ አወጣ።

ያን ቀን ማታ ግን ምግብ አልወረደለትም። ድምፁ ጆሮው ውስጥ ቀርቷል። እልልታው ሳያቋርጠው ሰባት ሰምቷል። ከዚያ ዕረፍት። ከዚያ ሰባት። ለመሆኑ መልአኩ ለማን ነው ሰባት ሰባት የሚመታው? ሰባት እኮ የመነኩሴ ነው! ገሊላ መነኩሴ አይደለች። ብትሞት እንኳ ሦስት ነው የሚመታላት። ይሄን ሲያስብ ሰውነቱ በረደውና ጋቢውን ደረበ።

በማግስቱ ረፋድ ቄስ ይሥሐቅን ይዞ ከጥዱ ሥር ሄደ። ጉም ከገደሉ እየተነሣ ቅጥሩን መሙላት ጀምሯል። የተሰነጠቀው ድንጋይ አሁንም በጠፍሩ ላይ አለ፤ ማንም ሊያወርደው አልደፈረም። ቄሱ ከድንጋይ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ከመጀመሪያው ያሰሙኝ፣ አባ» አለ ወዳጆ። «እስኪያልቅ እንዳያቋርጡት።»

የልጁን ቃል አልሰማም፤ ኋላዋን ነው የሰማው። ሰባት። ዕረፍት። ሰባት። ዕረፍት። ዕረፍቷ ሳትቀር ያውቃታል። እጁን አንሥቶ ቆመጡን የሚያስተካክልባት፣ ምራቁን የሚውጥባት፣ ያቺ የራሱ ዕረፍት ናት። የገዛ ክንዱ ከስልኩ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የሚያይ መሰለው። ገሊላ «ብቻዬን ሆንኩ» አለች። ከኋላዋ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።

ስድስተኛዋ ቀረች።

 ስልኩ ዝም አለ፣ ዝም አለ፣ ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ኃይለኛ ምት መጣችና «ቅርር» አለች። በዚያው ድምፁ አለቀ።

ወዳጆ አውራ ጣቱን በሌላው እጁ ጨምድዶ ይዞ ቁጭ አለ። የጠቆረው ጥፍሩ እንደ ትናንት ይጠዘጥዘው ጀመር።

«ምነው ወዳጆ? ምን ሆንክ?» አሉ ቄስ ይሥሐቅ።

«አባ፣ መልአክ ደወል ይስታል?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«መልአክ ደወል አይስትም። ጣቱንም አይመታም።» ጥፍሩን አሳያቸው። «ይሄ የሳውዲ ደወል አይደለም። ይሄ እኔ ነኝ። አባ አትናቴዎስ ያረፉ ለት ነው። ይሄው ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ሰማነው እኮ! ልጄ ይሄን ስትናገር ቤቴ ውስጥ ነበረች። ከዚህ ታች፣ ከበጎቹ በረት ኋላ። ገና አልሄደችም ነበር!»

ቄሱ ስልኩን እባብ እንደያዘ ሰው ከጭናቸው አንሥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «በስመ አብ» አሉ። «የፋሲካውስ? የገናውስ?»

«እሱን ነው የምለው፣ አባ።» ወዳጆ እንባው መጣ። «ታዲያ ከሄደች ወዲህ ልጄን የሰማት ማን ነው?»

ጉሙ ሁለቱን ሸፍኗቸው ነበር። ወዳጆ ተንደርድሮ ወደ ቤቱ ወረደ። ፅዮን በረቱን ትጠርጋለች። ሊቆጣት ፈልጎ ነበር፤ ግን ፍግ ላይ ቁጭ አለ።

«ፅዮንዬ፣ በሚካኤል ይዤሻለሁ። እስከዳር ድምፅሽን ስልኳ ላይ ቀርጻለች?»

ልጅቱ መጥረጊያውን ጣለች። «ለማንም እንዳልናገር በእመቤቴ አስምላኛለች፣ አባዬ።»

«እኔ ማንም ነኝ?»

«ምንም እኮ አይደለም። መንገድ ላይ ኔትዎርክ የለም፣ እናትሽ በሐሳብ ትሞታለች፤ አሁን ተናገሪና እኔ በየበዓሉ አሰማቸዋለሁ አለችኝ። ቃሉን እሷ ናት ያስጠናችኝ። አራት ጊዜ ተናገርኩ። በሰላም ገባሁ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ ደህና ነኝ አታስቡ...» ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችውና ቆመች። ፊቷ አመድ መሰለ። «አባዬ... እኅቴ የምትለው እኮ ነው!»

«አዎ» አለ ወዳጆ።

«አራተኛው ላይ፣ ገሊላን አገኘኋት፣ ወፍራለች በዪ አለችኝ። እኔም ስቄ አልኩ። አባዬ፣ ገሊላ የት ናት?»

ወዳጆ ልጁን አቅፎ ፍግ ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለአየለች ግን አልነገራትም፤ እንዴት አድርጎ ይንገራት? ሦስት ቀን ሙሉ ለልጇ ስንቅ በሶ ስትፈጭና ስትቋጥር፣ «ይሄኛው ቋጠሮ የገሊላ ነው፣ አደራ እንዳትበይባት» ስትል ይሰማል። በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ቄስ ይሥሐቅና የቀበሌው ሚሊሻ ጌጡ ሁለት ጊዜ ሞላሌ ፖሊስ ደርሰው ተመልሰዋል።

ሐሙስ ማለዳ እስከዳር መጣች። ጉሙ ወፍራም ነበርና አፏን በሻርፕ ሸፍናለች። «ጋሽ ወዳጆ፣ እንደምን አደሩ! መኪናው ዘመሮ ይጠብቀናል፣ ቶሎ ቶሎ በሉ» አለች።

«ቸኩለሽ ነው?» አለ ወዳጆ። «ልጄ ሚካኤልን ሳትሳለም አትሄድም። ነይ አንቺም ተሳለሚ።»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ወዳጆ ከጥዱ ሥር ሲደርስ ቆመጡን አነሣና ቸርኬውን መታው። ሰባትም አይደለም፣ ሦስትም አይደለም፤ ቤት ሲቃጠል እንደሚመታው ሳያርፍ አንኳኳው። አገር ከጉሙ ውስጥ አንድ አንድ እያለ ወጣ፤ ዱላ የያዘ፣ ነጠላ ያጣፋ፣ ሊጥ በእጁ ላይ ያለ። ቄስ ይሥሐቅ ከቤተልሔም ብቅ አሉ። ጌጡ ከኋላ በሩን ይዞ ቆመ።

«ለልጅቷ ጸሎት እናደርሳለን» አሉ ቄሱ። «በቅድሚያ ግን፣ እስከዳር፣ ያንን ድምፅ አሰሚን።»

«የገሊላን?» አለች እስከዳር ስልኳን ከፍታ። «አሰማለሁ እንጂ፣ ምን ቸገረኝ!»

«የገሊላን አይደለም» አለ ወዳጆ። «የፅዮንን።»

እስከዳር ሳቀች። «ፅዮንማ ይችትና አጠገብዎ!»

«ድምፅዋን ነው የምልሽ። በሰላም ገባሁ ያለችበትን።»

እስከዳር ስልኳን ወደ ደረቷ ስትመልስ ቄስ ይሥሐቅ እጇን ያዙት። የሰው ሴት እጅ ይዘው አያውቁም፣ ቄሱ፤ ያን ዕለት ያዙ። የተከፈተውን ስልክ ከጣቶቿ ፈልቅቀው ወሰዱና ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። ስም ተደርድሯል። «ፅዮን፣ አንድ» ብለው አነበቡና ነኩት።

«አባዬ፣ እማዬ» አለ ስልኩ በጉሙ ውስጥ፣ «በሰላም ገብቻለሁ። ባሕሩንም ተሻግሬ፣ ሰዎቹ በመኪና ተቀብለውኛል። ደህና ነኝ፤ አታስቡ።»

ፅዮን በአባቷና በእናቷ መሀል ቆማለች። አፏ አልተንቀሳቀሰም። ሰው ልጅቷን ያያል፣ ስልኩን ያያል፤ ልጅቷን ያያል፣ ስልኩን ያያል። አንድ ሽማግሌ ወደ ኋላ አፈገፈጉና አማተቡ። አየለች ዞር ብላ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ዳሰሰች፣ ትንፋሽ እንዳላት ለማወቅ እጇን ከአፍንጫዋ ሥር አደረገች።

ቄሱ ቀጠሉ። «ወለተ ኢየሱስ፣ ሦስት። ማዕረግ፣ አንድ። ማዕረግ፣ ሁለት...»

«ማዕረግ?» አለች አንዲት ሴት ከሰዉ ኋላ። ከቀየት በኩል ለሰንበቴ ጉዳይ የመጣች እንግዳ ነበረች። «ማዕረግ የኔ ልጅ ናት። ትናንት እኮ ነው ድምፅዋን የሰማሁት። ደህና ነኝ ብላኛለች!» ለምን ሰው ሁሉ ዝም እንዳለ ጠፍቷታል። «ደህና ነኝ ብላኛለች እኮ!»

ያን ጊዜ ለአየለች ገባት። እንዲህ ያለ ጩኸት አፋፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ገደሉም ተቀብሎ መለሰው። ሰው እስከዳር ላይ ሊወርድ ሲል ጌጡና ቄሱ መሀል ገቡ። «ከሞተች አትናገርም! መናገር አለባት!» ብሎ የጮኸው ወዳጆ ነው። እስከዳር ከጥዱ ሥር ኩምትር ብላ፣ «እኔ እስከ አፋር መንገድ ድረስ ነው የማውቀው፤ እዚያ የሚቀበሏቸው ሌሎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በሚካኤል አላውቅም» ትላለች። ከዚያ በኋላ ያለውን አለማወቋ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ነው አስቀድማ የቀረጸችው።

ፖሊስ ወሰዳት። ልጆቹ ከጅቡቲ በጀልባ ወደ የመን እንደተሻገሩ፣ አንዲት ጀልባ መስጠሟ እንደተሰማ፣ የስም ዝርዝር ወደ ውጭ እንደተላከ ለወዳጆ ተነገረው። ገሊላ በየትኛዋ ጀልባ እንደነበረች የሚያውቅ የለም።

ሰኔ አለፈ። ሽማግሌዎች መጡ። «ወዳጆ፣ ዓመቷ ደረሰ። ፍትሐት ይደረግላት፣ ለቅሶ እንቀመጥ፤ እናቲቱም ይውጣላት» አሉት።

«ሬሳ አይቻለሁ?» አለ። «ሦስት ሦስት አልመታላትም። የጠፋ ሰው ደወሉ የጉም ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉም ኖረም አልኖረም፣ ፀሐይ ወጥታ እስክታዘቀዝቅ ቸርኬውን አምስት አምስት እየመታ ይውላል። ሰው መጀመሪያ አዘነለት፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ በመጨረሻ ፈራው። በጠራራ ፀሐይ የጉም ደወል ሲሰማ ሰውነት ይሰቀጥጣል። በጎች እንኳ ወደ ቅጥሩ እየመጡ መቆም ጀመሩ።

ነሐሴ ውስጥ፣ ጉሙ በእውነት በወረደበት አንድ ከሰዓት፣ ቄስ ይሥሐቅ ባዶ እግራቸውን እየሮጡ መጡ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። «ከጅቡቲ ነው! የደወለችው ሴትዮ ከመጠለያ ነው ትላለች! ወዳጆ ያዝ!»

ወዳጆ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ። መጀመሪያ ነፋስ ነበር። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«አባዬ... ደህና ነኝ፤ አታስቡ።»

ወዳጆ ቀዘቀዘ። ቃል በቃል ያው ነው። ዓመት ሙሉ የሰማው፣ ያስለቀሰው፣ ያሞኘው ያው ቃል። ከደስታ ይልቅ ፍርሃት ወረረው። የሞተ ሰው እንዲህ ይላል፤ አጠገቡ የቆመች ልጁ እንኳ እንዲህ ብላለች። ምን ብሎ ይጠይቅ? ቢጠይቅና እንደ ወትሮው ባትመልስለት፣ ያን ጊዜ ምን ይሆናል?

 ስልኩን ለቄሱ መልሶ፣ «ወደ ቸርኬው አስጠግተው ይያዙልኝ፣ አባ» አለ። ቆመጡን አነሣ።  አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛዋ ላይ ቆመጡን አነሣና ሳይመታ አየር ላይ ያዘው። አሳለፋት። ከዚያ አምስተኛዋን መታ።

ቄስ ይሥሐቅ፣ «አብደሃል እንዴ? ልጅህ እኮ ናት! አናግራት እንጂ!» ይሉታል። ወዳጆ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። ጉሙ ውስጥ ቆሞ አዳመጠ።

ስልኩ ዝም አለ።  ከዚያ ውስጡ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየም።

«አባዬ፣ አንዷን ሳትክ» አለች። አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። «ምንድን ነው ግን የምትመታው? ብረት ነው እንዴ?»

ወዳጆ ከድንጋዩ ሥር ተቀመጠ። «ብረት ነው ልጄ» አላት፤ «የአይሱዙ ቸርኬ ነው።»